ከማንም እጅ እንዳትቀምሺ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። ልትስቁብኝ የምትፈልጉ ሳቁ፤ ልትፈርዱብኝ የምትፈልጉ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

አስካለ እባላለሁ። የምኖረው ሰበታ ነው። ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣ አሮጌ ጆንያ እየገዛሁ አጥባለሁ፣ የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ ለእህል ነጋዴ መልሼ እሸጣለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ፊደሌ ጠማማ ቢሆን በዚሁ እለፉልኝ። ባለቤቴ ጫንጮ አካባቢ ድንጋይ ካባ ላይ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ደጁን የምዘጋውም፣ ማን መጣ ብዬ የምጠይቀውም እኔ ነኝ። ደጅ የሚዘጋ ሰው ደግሞ ተጠራጣሪ ይሆናል።

አንድ ልጅ አለችን፤ ትንሣኤ ትባላለች። ይህ ነገር ሲሆን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ስኳር ይዟት በመርፌ የምትኖረው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። ያን ሰሞን የምትታከምበት ክሊኒክ ለጥቂት ልጆች አዲስ ነገር መጣ ተባለና እሷም ደረሳት። ሳንቲም የምታህል ነጭ ነገር ክንዷ ላይ ለጠፉላት። ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ቆዳዋ ውስጥ ይገባል። ይቺ ነገር ልጅቷ ጣቷን ሳትወጋ ስኳሯ ስንት እንደሆነ ለስልኳ ትናገራለች። ከቁጥሩ አጠገብ ቀስት አለ፤ ወደ ላይ ካመለከተ ስኳሩ እየወጣ ነው፣ ወደ ታች ካመለከተ እየወረደ ነው። ለዚሁ ብሎ አባቷ ያገለገለ የንክኪ ስልክ ገዛላት። የእኔ ስልክ የቁልፍ ናት፤ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሥራ የላትም።

ነርሷ ያን ቀን ብዙ ነገር ነግራናለች። እኔ ግን ዓይኔም ልቤም ልጄ ክንድ ላይ ነበር፤ እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ። እኛ ሐኪም ፊት እሺ የምንለው ገብቶን አይደለም፣ ቶሎ ለመውጣት ነው።

ሰፈር ስንገባ ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ያቺን ነገር አገላብጠው አዩና፣ «ደሟን በስልክ ወዴት እንደሚልኩት ጠይቀሻል?» አሉኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሸ። ለልጅቷ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ብቻ አለብሳት ጀመር። ስልኳ እየጮኸ ስኳርሽ ወረደ፣ ስኳርሽ ወጣ ሲላት ሰው ዞር ብሎ ያያታል፤ እሷም እያፈረች ድምፁን ትዘጋዋለች። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት።

በዚያ ላይ የሰሞኑ ወሬ ነበር። ሰው ከመንገድ ላይ ተወሰደ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ደጅ ጠፋ ይባላል። እውነቱን ከውሸቱ የሚለይልን አልነበረም። አንዳንዱ ደግሞ ለእናት ደውሎ «ልጅሽ ታማለች፣ ያለችበትን ንገሪኝ» ይላል ብለው ያወሩ ነበር። ስለዚህ ለትንሣኤ ሕግ አወጣሁላት። የማታውቂውን ቁጥር እንዳታነሺ። የማታውቂው ሰው ባጃጅ ላይ እንዳትወጪ። ከማንም እጅ ምንም እንዳትቀምሺ። ልጄ ደግሞ ታዛዥ ናት። ይህንን ያዙልኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ቡራዩ ያለችው እህቴ እቴነሽ ከጓሮዋ አንዲት ክፍል ሠርታ ምርጊት ጠርታለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ጭቃ ይረግጣል፣ ጭድ ይቀላቅላል፣ ግድግዳ ይመርጋል። ትንሣኤ አክስቷን ላግዝ ብላ በጠዋት ሄደች። እኔ ወንዝ ወርጄ ጆንያዬን ሳጥብ ዋልኩ። ስልኬን ውኃ እንዳይነካት በፌስታል ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አስሬያታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራች። ቁጥሩን አላውቀውም። ጆንያ ነጋዴ ይሆናል ብዬ አነሳሁት።

«ሃሎ፣ አዴ አስካለ ነዎት?»

«ማን ልበል?»

«ገመቹ እባላለሁ፣ ሱሉልታ ነው ያለሁት። አካም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት? ትንሣኤ አጠገብዎ ናት?»

እጄ ላይ ያለው ጆንያ ወደ ውኃው ተመለሰ። ሱሉልታ ዘመድም ጠላትም የለኝም። ይህ ሰው ግን የእኔንም የልጄንም ስም ያውቃል። ምን ፈልገህ ነው አልኩት።

«ስኳሯ እየወረደ ነው። ብደውልላት አታነሳም። አሁን የት ናት? ቶሎ ጣፋጭ ነገር ትቅመስ።»

ወሬው እንዳለ መጣ። ልጅሽ ታማለች፤ የት ናት፤ ይህን ትቅመስ። ሰውየው ድምፁን ለስልሶ ነው የሚያወራው፤ ለስላሳ ድምፅ ደግሞ የበለጠ ያስፈራኛል።

«ልጅ የለኝም» አልኩና ዘጋሁበት።

ይህን ቃል ከአፌ ማውጣቴ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ያኔ ግን ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ወዲያው ለትንሣኤ ደወልኩ። የእኔ ቁጥር ስለሆነ አነሳችው። ድምፅዋ ጎተት ይላል፤ ጭቃ ሲረገጥ ስለተዋለ ድካም ነው አልኩ። የት ነሽ ስላት ታክሲ ተራ ቆሜያለሁ፣ ሰልፉ ረጅም ነው አለችኝ። አንድ ሰው እየፈለገሽ ነው፣ ምናልባትም ከኋላሽ ቆሟል አልኳት። ከሰልፉ ወጥታ ዳገቱን በእግሯ ወደ አክስቷ ቤት እንድትመለስ፣ ባጃጅ የሚባል እንዳትነካ ነገርኳት።

«ስልክሽንም አጥፊው። በእሱ ነው የሚከታተሉሽ። ደግሞ ከማንም እጅ ምንም እንዳትቀምሺ።»

«እማዬ ግን…»

«ግን የለም።»

«እሺ» አለች። ስልኩ ጠፋ።

እፎይ አልኩ። ጆንያዬን ማንሳት እንኳ ጀምሬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ቁጥር ተመልሶ ጠራ።

«አዴ አስካለ፣ ስልኳ ተዘጋ። ምነው? ወድቃ ይሆን?»

ልጄ ቡራዩ ስልኳን ዘጋች፤ ሱሉልታ ያለ ሰው አወቀ። አንተ እንዴት አወቅህ፣ ልጄን ምን አድርገሃታል ብዬ ጮህኩ። ወንዙ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ሰውየው አልተቆጣም። እየተቻኮለ ያስረዳኝ ጀመር። ወተት አቅራቢ ነው፤ ወንድ ልጁም እንደ ትንሣኤ ስኳር አለበት፤ ክንዱ ላይ ያው ነገር ተለጥፎለታል። ክሊኒኩ የቁልፍ ስልክ ያለውን ቤተሰብ የንክኪ ስልክ ካለው ጋር አጣምሯል። የእሱ ድርሻ ትንሣኤ ናት። የስኳሯ ቁጥር በስልኩ ይመጣለታል፤ ሲወርድ ይጮህበታል፤ ለእኛ መደወል አለበት። «ነርሷ ነግራዎት የለም እንዴ?» አለኝ። ነግራኝ ይሆናል። እኔ እሺ ብዬ ነው የወጣሁት።

«ከሰባ በታች ነበረች። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው። ከዚያ በኋላ ጠፋችብኝ።»

እውነት መሰለኝ። ግን ውሸትም እውነት መስሎ ነው የሚመጣው። ማልልኝ አልኩት። በልጄ አለና ማለ። ሌባም ይምላል አልኩ በሆዴ። ሚስት አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አለችኝ አለ። አቅርባት አልኩት። ስልኩ ተንኮሻኮሸና የሴት ድምፅ መጣ። ለሊሴ ትባላለች። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር እየተቀላቀለ ነው የሚወጣው፤ እኔም ኦሮምኛው አይጠፋኝም። ባሌን እመኚው አላለችኝም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ሌሊት ማጅራቷን ትዳብሻለሽ አይደል?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«እኔም እዳብሳለሁ» አለች። «ስኳሩ ሲወርድ ላቡ ቀድሞ እዚያ ነው የሚወጣው። ባሌ አያውቅም፣ እሱ ይተኛል። እጄን አሙቄ ነው የምዳብሰው፣ ልጁ እንዳይነቃ። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ልጅቷን አሁን ፈልጊ።»

እናንተ፣ ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለእህቴም፣ ለነርሷም። ልጄ ከታመመች ጀምሮ በየሌሊቱ እየተነሳሁ፣ እጄን ብብቴ ሥር አሙቄ ማጅራቷን እዳብሳለሁ። ይህን የሚያውቅ እሱ የደረሰበት ብቻ ነው።

አመንኳት። ባመንኩበት ቅጽበት ደግሞ ያደረግሁት ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ልጄ ስኳሯ እየወረደ ዳገት ላይ ናት። ስልኳን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ባጃጅ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሰው ውኃ እንኳ ቢሰጣት እንዳትቀበል ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን እኔም ልደርስባት አልችልም።

ለእቴነሽ ደወልኩ። ከሄደች ቆየች እኮ፣ አልተመለሰችም አለችኝ። ጭቃውን ከወጣቶቹ ሁሉ በልጣ ስትረግጥ ነው የዋለችው፤ መርፌዋን ተወግታ ምሳ ስትቀርብ ደግሞ ደክሞኛል ብላ ጥቂት ቀማምሳ ተወችው አለች። ነገሩ ገባኝ። መርፌው ገብቷል፣ ምግቡ አልገባም፣ ጉልበቱ አልቋል። ሩጪ አልኳት፤ በታክሲ ተራው መንገድ ቁልቁል ሩጪ፣ ለስላሳ መጠጥ ይዘሽ ሂጂ።

ጆንያዎቼን እዚያው ወንዝ ውስጥ ትቼ እግሬ እስከ ጉልበቴ እንደራሰ መንገድ ወጣሁና ታክሲ ያዝኩ። ገመቹ መንገድ ላይ ደወለልኝ። እሳቸው አዴ እንደሚሉኝ እኔም አሁን ኦቦ ገመቹ ነው የምላቸው፤ አንተ ማለቱንም ትቼዋለሁ። ምን መደረግ እንዳለበት ረጋ ብለው ነገሩኝ። መዋጥ ከቻለች ስኳር ያለበት መጠጥ ትጠጣ፤ ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳታፈሱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ለእህቴ አስተላለፍኩ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ብቻ ነው የቀረኝ። ታክሲው ሰው ለማውረድ በቆመ ቁጥር ሹፌሩም ልጅ ከሚወስዱት ወገን ይሆን እንዴ እያልኩ እጠረጥር ነበር። ፍርሃት ሲይዛችሁ እንዲህ ነው፤ አንዱን ጥርጣሬ ስትጥሉት ሌላ ታነሳላችሁ።

ዓለም ገናን እንዳለፍን እቴነሽ ደወለች። እያለከለከች ነው።

«አግኝቻታለሁ። ግን አልጠጣም አለች።»

ነገሩን እህቴ በኋላ አጣርታ ነገረችኝ። ትንሣኤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግንባታ ካለበት ቦታ፣ ጠጠር ክምር ላይ ቁጭ ብላለች። ሰው ከቧታል። አንዱ ጠጥታ ነው ይላል፤ ገና ልጅ እኮ ናት ይለዋል ሌላው። አንዱ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ይዟል። አንዲት ሴት የልጄን እጅጌ ሰብስባ ክንዷ ላይ ያለችውን ነገር አይታ፣ «ይሄ ነው ያሰከራት፣ አውልቁላት» እያለች በጥፍሯ ልትነቅላት ትታገላለች። በሴትዮዋ አልፈርድም፤ እኔ ብሆንም ያንኑ አደርግ ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ከሱቅ ለስላሳ ገዝቶ አፏ ላይ ይዞላታል። ልጄ ጥርሷን ነክሳ እጁን ትገፋዋለች። ላቧ ይወርዳል፣ ዓይኗ ሰው አያይም፣ አክስቷንም አላወቀቻትም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ተኮላትፎ ነው የሚወጣው። እናቴ ከማንም እጅ እንዳትቀምሺ ብላኛለች።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊው አልኳት እህቴን። ሹፌራችን ማንም ሳያዘው ሙዚቃውን ዘጋ።

«ትንሣኤ፣ እኔ ነኝ።»

ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ጠጪ።»

«ከማን… እጅ?» አለችኝ።

«ከማንም እጅ ጠጪ። እኔ ነኝ ጠጪ ያልኩሽ።»

ጥርሷ ጠርሙሱን ሲመታ ሰማሁት። ከዚያ ጉሮሮዋን። ከዚያ እቴነሽ «ጠጣች፣ ጠጣች» ስትል። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ። አጠገቤ ያለችው ሴት ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ እጄን ይዛው ነበር፤ እኔም አላስለቀቅኋትም።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ትንሣኤ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች። ጭቃው ቅልጥሟ ላይ ደርቋል። አየችኝና መጀመሪያ ያለችው፣ «እማዬ፣ ስልኬን ልክፈተው?» ነው። ክፈቺው አልኳት። ስትከፍተው ከሱሉልታ የተደወለው ሁሉ ተከታትሎ ገባ። የባጃጁ ሹፌር በር ላይ ቆሟል፤ ለማመስገን ስጠጋው እጁን አሳየኝ። «እናት፣ ልጅሽ ስኳሯ ቢወርድም ጥርሷ ደህና ነው» አለኝ። ነክሳዋለች። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ወደ ውጭ ወጥቼ ሱሉልታ ደወልኩ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ልጅ አለችኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ፤ ሲስቁ ይሰማኛል። «እያየኋት ነው። ቀስቷ ወደ ላይ ሆኗል።»

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይህን የጻፍኩት ሰው ሁሉ ደግ ነውና እመኑ ልላችሁ አይደለም። እኔ አሁንም ተጠራጣሪ ነኝ። በሳምንቱ ክሊኒክ ሄጄ ነርሷን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። የልጄን ቁጥር ማን ያየዋል? ለምን? አልፈልግም ብል ይቆማል ወይ? ሁሉንም በደንብ መለሰችልኝ። እሺ ያልኳት ያኔ ነው፤ የመጀመሪያው እሺ፣ እሺ አልነበረም። ጥርጣሬዬን ይዤ መጠየቅ ሲገባኝ ይዤው ደጅ ዘጋሁ፤ ልጄን ሊወስዳት የነበረው ያ መዝጋቴ ነው።

አንድ ነገር ግን ለይቼበታለሁ። የዚያን ቀኑን ንግግር እየመላለስኩ ሳስበው፣ ገመቹ ለራሳቸው የጠየቁት ምንም አልነበረም። ጣፋጭ ትቅመስ ነው ያሉት። የት ናት ያሉትም ለዚያው ነው። እኔ ማን እንደሆኑ ለማወቅ ስጣደፍ ምን እንደሚሉ አልሰማሁም።

ባለቤቴ ለእኔም የንክኪ ስልክ ገዛልኝ። አሁን የሱሉልታውን ልጅ እኔ አየዋለሁ። ለሚ ይባላል፤ ኳስ ሲጫወት ቀስቱ ይወርዳል፣ ለእናቱ እደውልላታለሁ። ሁለታችንም ግን ማጅራት መዳበሱን አልተውነውም። ስልክ ያንቀላፋ እንደሁ ማን ያውቃል እንባባላለን።

ትንሣኤ ባለፈው እንደገና ቡራዩ ሄዳ ነበር። እሷ እንደወጣች ስልኬ ጠራች፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁት። ማን ነህ ሳልለው፣ «ምን ልስጣት?» አልኩት።

ሰውየው ግራ ገባው። ከዚያ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሽልማት ደርሶሻልና የሚስጥር ቁጥርሽን ንገሪኝ አለኝ።

ዘጋሁበት። የልጄ ስልክ ግን ክፍት ነው።